ነፍስ በሌለው ዕቃ ላይ መቆጣት

ፍራንክፈርት ውስጥ የቢሮ ፕሪንተር እጠግናለሁ። ከኒደርራድ የሒሳብ ቢሮዎች እስከ ባንኮቹ ፎቆች ድረስ በብዛት የምጠራው ወረቀት ይዞ ለቆመ ማሽን ነው። ከብልሽቱ ይልቅ የሚከነክነኝ ግን እዚያ የሚጠብቀኝ ቁጣ ነው፤ የተደበደበ ክዳን፣ የተሰበረ እጀታ፣ ስድብ። ነፍስ በሌለው ዕቃ ላይ መቆጣት ኃጢአት ነውን?

ጋሉስ ሰፈር፣ በአንድ የሐበሾች ማኅበር ቢሮ የእሑዱን መርሐ ግብር ሲያትሙ ማሽኑ ያስቸገራቸው አንድ አባት ይህን ሳነሣባቸው «ልጄ፣ ብረት ምን ይጎዳል? ሰው ላይ ከምጮኽ እዚህ ላይ ብጮኽ አይሻልም? ጌታም እኮ በለሲቱን ረግሟታል» አሉኝ። የዋዛ ክርክር አይደለም። ሆኖም በሰሙነ ሕማማት ሰኞ የምናስበው መርገመ በለስ የንዴት ታሪክ አይደለም፤ ቅጠል ለብሳ ፍሬ ያጣችው ዛፍ የምትወቅሰው እኛኑ ነው። «አባቴ፣ እርስዎ የጮኹት ከፕሪንተሩ ፍሬ ፈልገው ነው ወይስ ስለቸኮሉ?» አልኳቸው። ዝም አሉ።

ለዚህ ጥያቄ ከማውቀው ሁሉ የበለጠ መልስ ያለው ዮሐንስ ካስያን ዘንድ ነው። በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከግብፅ በረሓ መነኮሳት ጋር ኖሮ፣ በኋላ በማርሴይ ሆኖ ስለ ገዳም ሥርዓት ጽፏል። ከመጽሐፉ 12 ክፍሎች ስምንተኛው ስለ ቁጣ ነው። እዚያ ላይ ስለ ራሱ ይናገራል፦ በረሓ ሳለ፣ የሚያስቆጣው ሰው በሌለበት፣ ብዕሩ ወፈረ ወይም ቀጠነ ብሎ፣ ቢላው ደነዘ ብሎ፣ ባልጩቱ እሳት ለመትፋት ዘገየ ብሎ ይናደድ ነበር። ቁጣ ከሰው የሚመጣ ቢሆን ሰው ሲርቅ በራቀ ነበር። ሰው አጥቶ ብዕር ላይ ካረፈ ግን መነሻው ልብ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዕቃ ላይ መጮኽ ንዴትን ያስወጣል የሚለውን አልቀበልም፤ ያለማምደዋል እንጂ። ክዳኑን የመታ እጅ ወዲያው ለሥራ ልምምድ የመጣውን ልጅ ሲያመናጭቅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ደግሞም ማሽኑ የሚቆመው በክፋት አይደለም። የጎማው ሮለር ወረቀቱን ከመሳቢያው ይስባል፣ ድራሙ የቶነሩን ምስል ያሳርፍበታል፣ ፊውዘሩ 200 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ሙቀት ቶነሩን አቅልጦ ያጣብቀዋል። በየመንገዱ ያሉት ሴንሰሮች ወረቀቱ በሰዓቱ መድረሱን ይጠብቃሉ፤ ከዘገየ ሁሉንም ያስቆማሉ፤ አለዚያ ወረቀቱ ፊውዘሩ ላይ ሊጠመጠም ይችላል። በኦሪት ዘኍልቁ የበለዓም አህያ የቆመችው የመልአኩን ሰይፍ ስላየች ነበር፤ ጌታዋ ግን ሦስት ጊዜ ደበደባት። እሷ ነፍስና አንደበት ነበራት፤ ፕሪንተሩ የለውም። ያቆመን ሁሉ ጠላታችን አለመሆኑ ግን በሁለቱም ያው ነው።

የእኚያን አባት ማሽን ስከፍት ጥፍር የምታህል ቁራጭ የሴንሰሩን ምላስ ተጭና አገኘኋት። ወረቀቱ በመጀመሪያ የተያዘው ሮለሩ በአቧራ ስለለሰለሰና ተከፍቶ መስኮት ሥር የቆየው እሽግ እርጥበት ስለጠጣ ነበር፤ ቀላል ነገር ነው። በንዴት በአንድ እጅ ሲጎተት ግን ተቀደደ፤ ማሽኑም ወረቀት ሳይታይበት «ወረቀት ይዣለሁ» ማለቱን ቀጠለ። ቁራጯ ላይ የ«ቅዳሴ» የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ይታያሉ። ጀርመናዊው ምሁር ኢዮብ ሉዶልፍ፣ ከመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ የተማረውን አማርኛ በ1698 እ.ኤ.አ. ሰዋስው አድርጎ ያሳተመው በዚህችው ከተማ ነው፤ ያኔ ፊደሉ ከቀለጠ እርሳስ ተሠርቶ አንድ በአንድ በእጅ ይለቀም ነበር። እንደዚያ ተለፍቶበት እዚህ የታተመ ፊደል በችኮላ ሲቀደድ ማየት ያሳዝነኛል።

እባካችሁ፣ ማሽኑ ሲቆም መጀመሪያ አጥፉት፤ ፊውዘሩ እስኪበርድም ታገሡ። ወረቀቱን በሁለት እጅ፣ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ከተቀደደ ቁርጥራጩን ጠረጴዛ ላይ ገጥማችሁ ሙሉ መሆኑን ሳታዩ ክዳኑን አትዝጉ።