ስለ አንባቢ ፍርድ

አንባቢ ሆይ፥ ሰው መጽሔት ገልጦ «መልካም ነው» ወይም «የማይረባ ነው» ብሎ ሲፈርድ፥ ለዚህ ፍርድ የሚያበቃው ምንድር ነው? የከፈለው ገንዘብ ነውን? ወይስ ዕውቀቱ? ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን፥ በልጅነቴ ያየሁትንና በመምህርነቴ የበደልሁትን ልናገር።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር፥ ከመጻሕፍቱ መካከል የባቡር አምሳያ እየሠሩ ለሚደሰቱ ሰዎች የሚታተም አንድ የውጭ አገር መጽሔት ነበረ። እኛ የጎጃም ልጆች ግን ባቡር በዓይናችን አላየንም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ዓባይን አልተሻገረም፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመርም ያው ወደ ጅቡቲ የሚወስድ ነው። የፍኖተ ሰላም ትርጓሜ «የሰላም መንገድ» ቢሆንም፥ መንገዷ እስከ ዛሬ የመኪና ነው።

ከሦስት ጓደኛሞች አንዱ የወረቀቱን ማማር አይቶ መጽሔቱን አመሰገነ። ሁለተኛው «ባቡር በሌለበት አገር ይህ ምን ይረባል?» ብሎ ናቀው፤ ያም እኔ ነበርሁ። ሦስተኛው ግን ዝም ብሎ ማስመሪያውን አወጣ። በዚህ ሥራ እጅግ የተለመደው ልክ እውነተኛውን ባቡር 87 ጊዜ ማሳነስ ነው፤ ስለዚህ 1,435 ሚሊ ሜትር የሆነው የሐዲድ ስፋት ወደ 16 ሚሊ ሜትር ተኩል ይወርዳል። ልጁ ከሰርዲን ቆርቆሮና ከባሕር ዛፍ እንጨት አንድ ፉርጎ ሠርቶ ሲጨርስ፥ «ሥዕሉ ልኩን የጠበቀ ነው፤ ጽሑፉ ግን የመንኰራኵሩን አገጣጠም ዘሎታል» አለ። ከሦስታችን ፍርድ ለአዘጋጁ የሚጠቅመው የእርሱ ብቻ ነበረ።

እኔ ግን ከዚህ አልተማርሁም። በቡሬ ሳስተምር ተማሪዎች በእጃቸው የጻፉትን መጽሔት ግድግዳ ላይ ለጠፉ። በምኒልክ ዘመን አእምሮ የተባለው ጋዜጣ በእጅ እየተጻፈ እንደ ጀመረ ያስተማርኋቸው እኔው ራሴ፥ አርእስቱን ብቻ ቃኝቼ በጓደኞቻቸው ፊት «ደካማ ነው» አልሁ። አንዱ ልጅ ቀረብ ብሎ፥ «መምህር፥ የቱ ላይ ነው የደከመው? እንድናርመው ይንገሩን» አለኝ። አላነበብሁትምና መልስ አጣሁ። «ነገ እነግርሃለሁ» ብዬ ሄድሁ፤ በማግሥቱም አልነገርሁትም። ሁለተኛ እትም አልወጣም።

ምናልባት «እንግዲያው ያልጻፈ ሰው ስለ ጽሑፍ፥ ባቡር ያልሠራም ስለ ባቡር መጽሔት አይናገር ማለትህ ነውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ስለ ወጥ ለመናገር ወጥ ሠሪ መሆን አያሻም፤ መቅመስ ግን ያሻል። ሳይቀምስ የሚያመሰግንም ሳይቀምስ ከሚነቅፈው አይሻልም፤ ሁለቱም ለሠራተኛው የማይጠቅመውን ይሰጡታልና።

እንግዲህ የአንባቢ ግዴታ ሦስት ነው እላለሁ፤ ይኸውም እስከ መጨረሻው ማንበብ፥ ጉድለቱን በቦታው ማመልከት፥ ከጎረቤት አስቀድሞ ለጸሐፊው መንገር ነው። ዳኛ ባለጉዳዩን ሳይሰማ ቢፈርድ ሁላችን ግፍ ነው እንላለን፤ ጽሑፍም የጸሐፊው ቃል ነው። ያ ልጅ የጠየቀኝ ምስጋና አልነበረም፤ መሰማትን ነበር። ይህንም ነፈግሁት።