የመንግሥት ወጪ በምን ስም ይጠራ?

ከመንግሥት ግምጃ ቤት አንድ ብር ሲወጣ ሁለት ጥያቄዎች ይከተሉታል። አንደኛው «ማን አወጣው?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ለምን ጉዳይ ዋለ?» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ደረሰኝና ፊርማ ይመልሱታል፤ ሁለተኛው ግን ከሒሳብ ዐዋቂነት ይልቅ የኅሊናን ምስክርነት የሚሻ ይመስለናል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባሻሻለው አመዳደብ የመንግሥት ወጪ ሁሉ በ10 ክፍል ይደለደላል። መለኪያው የመሥሪያ ቤቱ ስም ሳይሆን የሥራው ዓላማ ነው። ስለዚህ ጦር ሠራዊት የሚያስተዳድረው ቋሚ ሆስፒታል በጤና ይመዘገባል፤ በጦር ሜዳ የሚተከለው ግን በመከላከያ። የወታደር ጡረታም በማኅበራዊ ዋስትና ይጻፋል እንጂ ከጥይት ዋጋ ጋር አይደመርም። ለተማሪዎች የሚቀርበው ምግብ የትምህርት ወጪ ሲሆን፣ የተማሪዎች የጤና ክትትል የጤና ወጪ ነው።

«ይህ የጸሓፊዎች ጭንቀት እንጂ ለሕዝብ ምን ይረባዋል?» የሚሉ አይታጡም። እኛም ቀድሞ እንዲሁ እንል ነበር።

ችግሩ የሚጀምረው አንድ ወጪ ሁለት ዓላማ ሲኖረው ነው። ወደ ጦር ሠፈር በሚወስደው መንገድ ገበሬው እህሉን ጭኖ ገበያ ቢወርድበት፣ መንገዱ የማን ነው? ዓላማዎቹን መለየት በማይቻልበት ጊዜ፣ ደንቡ ወጪው ሁሉ ወደሚያመዝነው እንዲጻፍ ይፈቅዳል። አነስተኛው ዓላማ በዚህ ጊዜ ከመዝገቡ ይሰወራል። ይህን ሐሰት ልንለው አንደፍርም፤ ደንቡ አስቀድሞ የታወቀ፣ ከዓመት ዓመትም የማይለወጥ ከሆነ አንባቢው የጎደለውን ያውቀዋልና። ሐሰት የሚሆነው ስሙ ለዓላማው መሆኑ ቀርቶ ለምስጋና ሲመረጥ ነው።

በአንድ መሥሪያ ቤት ስናገለግል፣ ለእንግዳ መቀበያ አዳራሽ የተገዙትን ወንበሮች «ትምህርት» በሚለው አርእስት እንድንጽፍ ታዘዝን። ምክንያቱ በአዳራሹ የሁለት ቀን ሥልጠና መሰጠቱ ነበር። ጻፍን። ድምሩ ትክክል ነበር፤ መርማሪም አንዲት ሳንቲም ጎደለች አላለም። ኋላ ግን በስብሰባ ላይ «ዘንድሮ ለትምህርት ያወጣነው ገንዘብ አደገ» ተብሎ ሲጨበጨብ፣ ከጎናችን የተቀመጡ አንድ መምህር ለክፍላቸው መጽሐፍ እንዳልደረሳቸው በሹክሹክታ ነገሩን። ለእርሳቸው የምንመልሰው ቃል አጣን። ገንዘቡ አልተሰረቀም፤ መምህሩ አቤት የሚሉበት ምክንያት ግን በእኛ ብዕር ተወስዶባቸዋል፤ በመዝገቡ ላይ ትምህርት የጎደለው ነገር የለምና።

በማግስቱ ወንበሮቹን ወደሚገባቸው አርእስት ለመመለስ ጠየቅን። የዓመቱ ሒሳብ ተዘግቷል የሚል መልስ ተሰጠን።