አስታማሚውንም እዩት

ልጆቼ፣ ነርሲንግ ስትማሩ ከአናቶሚውና ከፋርማኮሎጂው ጎን ሶሲዮሎጂ የሚባል ኮርስ ይሰጣችኋል። ብዙዎቻችሁ ለፈተና ያህል አንብባችሁ እንደምትረሱት አውቃለሁ። ዕድሜዬን በሕሙማን አልጋ አጠገብ ያሳለፍኩ ነርስ ነኝና፣ ያን ደብተር አትጣሉት እላችኋለሁ።

ከፒያሳ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ተነስታችሁ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ስትወርዱ፣ ከትግላችን ሐውልት ፊት ለፊት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ታገኛላችሁ። በሩ ላይ ጥቂት ቆማችሁ የሚገባውን ሰው ተመልከቱ፤ ምሳ ዕቃ ያንጠለጠለች እህት፣ የሪፈር ወረቀቱን በፌስታል የጠቀለለ ገበሬ። የጨረር ሕክምና በአገራችን ለረጅም ዓመታት የሚሰጠው እዚያ ብቻ ስለነበር፣ ካንሰር የያዘው ሰው ከጎጃምም ከባሌም ከአፋርም ወደዚህ በር ሲመጣ ኖሯል። ወረፋው እስኪደርሰው የት ያድራል? ማን ያበስልለታል? በሬውን ሸጦ መጣ ወይስ ተበድሮ? ይህ ካርዱ ላይ አይጻፍም፤ ሕክምናውን የሚያቋርጠው ግን ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ከቀጠሮ የቀረውን ሰው ቸልተኛ ከማለታችሁ በፊት ጠይቁት።

በእኛ አገር በሽተኛውን የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ ሌሊት የሚያገላብጠው፣ ከግቢው የጠፋውን መድኃኒት ከተማውን ዞሮ የሚገዛው አስታማሚው ነው። ራውንድ ሲጀመር ግን «አስታማሚ ውጡ!» እየተባለ ይባረራል። መውጣቱስ ይውጣ፤ ሲመለስ ግን አጠገባችሁ አቁማችሁ አስተምሩት፤ እንዴት እንደሚያገላብጥ፣ ምን ሲያይ እንደሚጠራችሁ ንገሩት። ደግሞ በቤቱ ቃሉ የሚሰማው ማን እንደሆነ ለዩ። ወጣቷ ሚስት «እሺ» ብላችሁ ቆራጩ ኮሪደር ላይ የተቀመጠው አማቷ ሊሆን ይችላል። ባልዋ እየቀደመ የሚመልስላትን ሴት ግን ብቻዋን አነጋግሯት፤ እሱ ባለበት የማትናገረው ሕመም አለና።

በሽተኛውን ከነቤተሰቡና ከነኑሮው ማየት ዛሬ የመጣ ሐሳብ አይደለም። በ1945 ዓ.ም. ደምቢያ ላይ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በአንድ ቡድን አሰልጥኖ ወደ ሕዝቡ የሚልክ ነበር። ቤቱንና ኑሮውን ሳያዩ በሽታውን ማሸነፍ እንደማይቻል የገባቸው ሰዎች ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ነው።

ስለ እምነትም ልንገራችሁ። በሽተኛው «ጠበል ላይ ነኝ» ቢላችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩበት፤ ካጠቆራችሁ ሁለተኛ አይነግራችሁም፣ መድኃኒቱን ማቆሙንም አታውቁም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ሲናገሩ፣ እኛ በነጭ ጋዋን የማንደርስበት ልብ ጋ ደርሰዋል። ስኳር ያለበትም ሰው እንዲሁ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ ኢንሱሊኑን በጠዋት ቢወጋ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ይስታል። «ትጾማለህ?» ብሎ መጠየቅ ያኔ እንደ ደም ምርመራው ያስፈልጋል። ሙስሊሙንም ረመዳን ከመግባቱ በፊት ጠይቁት።

ሞት ሲመጣ ደግሞ መርዶ በሕዝባችን ወግ አለው። ብቻዋን ለቆመች ልጅ ኮሪደር ላይ በችኮላ አይነገርም። ታላቅ ዘመድ ወይም ጎረቤት ፈልጉ፣ የምትቀመጥበት ስፍራ አዘጋጁ፣ እድር እንዳላቸው ጠይቁ፤ አስከሬኑን የሚያጓጉዝና ድንኳን የሚተክል ሰው ቶሎ ማግኘት ለዚያ ቤት ትልቅ እርዳታ ነው።

ድኖ ለሚወጣውም ምክር ስትሰጡ ከቤቱ ጀምሩ። ውኃ ከሩቅ በጀሪካን ለሚቀዳ ቤተሰብ «ቁስሉን በንጹሕ ውኃ እጠቡ» ብላችሁ አትሸኙ። ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚቀዳው፣ የሚያፈሉበት ማገዶ እንዳላቸው ጠይቁ፤ በአቅራቢያቸው ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንዲያገኙም ንገሯቸው።