ብረቱ ሳይቀዘቅዝ

ልጆቼ፣ እኔ በነታንያ የምኖር፣ የልጅ ልጅ ለማየት የበቃሁ ሽማግሌ ነኝ። የተወለድሁት በደንቢያ፣ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ነው፤ አባቴም ቀጥቃጭ ነበር። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት የሠራዊት አገልግሎታችሁን ጨርሳችሁ ኮሌጅ ለገባችሁ፣ ለመግባትም ለምታስቡ ወጣቶች ነው። ልመክራችሁ የምፈልገው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው በሚጠብቃችሁ ቦታና ሰዓት ስለ መገኘት።

ለዚህ ምክር ምክንያት የሆነችኝ የልጅ ልጄ ናት። ባለፈው ጥቅምት ከኮሌጅ ጓደኞቿ ጋር ጀልባ መቅዘፍ ጀመረች። በሳምንት ሦስት ቀን ገና ሳይነጋ ተነሥታ ከነታንያ ወደ ቴል አቪቭ፣ ወደ ያርኮን ወንዝ ትወርዳለች። ያርኮን ከምንጩ እስከ ባሕሩ 27 ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ ዓባይን ለሚያውቅ ሰው ጅረት ነው። ወደ ባሕሩ ሲቃረብ ግን ሰፋና ረጋ ስለሚል ለቀዛፊ ይመቻል።

አንድ ቀን አብሬያት ሄድሁ። በወንዙ ዳር ባሕር ዛፍ ቆሟል፤ ጤዛ የነካው ቅጠሉ ሲሸተኝ ልቤ ጎንደር ደርሶ ተመለሰ። አራት ልጆች ጀልባውን ከመደርደሪያው አወጡና በአንድ ቃል ወደ ትከሻቸው አነሡት። እኛ አገር ታማሚ በቃሬዛ ስንሸከም፣ አንዱ ዝቅ ሲል ሌላው ላይ እንዳይጫን እርምጃችንን እንደምናስተካክለው ሁሉ፣ እነሱም እግራቸውን አስተካክለው እስከ ውሃው ወሰዱት። አምስተኛዋ ልጅ በሰውነቷ ትንሽ ናት፤ አትቀዝፍም፣ መሪውን ይዛ ፊት ለፊት እያየች ታዝዛለች። የሚቀዝፉት አራቱ ጀርባቸውን ለመድረሻው ሰጥተው ነው የሚቀመጡት። ወዴት እንደሚሄዱ አያዩም። የሚያዩት ከፊታቸው የተቀመጠውን ሰው ጀርባ ነው።

እያንዳንዱ ቀዛፊ የሚይዘው አንድ መቅዘፊያ ብቻ መሆኑንም ያን ቀን አስተዋልሁ። ሁለቱ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ ይጎትታሉ። ስለዚህ አንዱ ቢጎድል የቀሩት ሦስቱ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆኑ ጀልባው ወደ አንድ ወገን ይዞራል እንጂ ቀጥ ብሎ አይሄድም።

ጥር መጣ። በነታንያ ገደል ላይ የባሕሩ ነፋስ መስኮት የሚያንኳኳበት፣ የኮሌጅ ፈተናም የሚደራረብበት ወር ነው። በአንዱ ጧት ከአራቱ አንዷ ሳትመጣ ቀረች። ሌሎቹ በዝናብ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቀው ጀልባውን ወደ መደርደሪያው መለሱት። የልጅ ልጄ ተናዳ ገባች። «ቢያንስ ትደውል ነበር!» አለች። ሳምንት ሳይሞላ የራሷ ተራ ደረሰ። ሰዓቱ ጮኸ፣ እሷ ግን ብርድ ልብሷን ወደ ራሷ ሳበች። «አባባ፣ ዛሬ ዝናብ ነው፤ አንድ ቀን ብቀር ምን ይሆናል?» አለችኝ። እኔም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ነገርኋት።

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ የእኔ ሥራ ወናፍ መንፋት ነበር። ወናፍ ሁለት የቆዳ ከረጢት ነው፤ አንዱን ስትጫን ሌላውን ታነሣለህ፣ ነፋሱ ሳይቋረጥ ከሰሉን ያግላል። እጅህ ካረፈ እሳቱ ይደክማል፣ ብረቱም ይጠቁራል። አንድ ቀን በሰኔ መጀመሪያ አንድ ገበሬ የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዞ ማረሻውን ሊያሠራ መጣ። አባቴ ብረቱን ከእሳት ከትቶ ጉጠት ሊያመጣ ወደ ቤት ሲገባ እኔ ወናፉን ጥዬ ወደ ሐይቁ ሮጥሁ። የሮጥሁት ታንኳ ለማየት ነው። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ደንገሉን በነዶ በነዶ እያሰሩ ታንኳ ሲሠሩ ማየት እወድ ነበር። የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል፤ ካገለገለ በኋላ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ካልሞቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ታንኳ ሳይ፣ ቀዛፊውን በዐይኔ ስከተል ቀኑ መሸብኝ።

ስመለስ ገበሬው የለም። የሚነፋ እጅ ጠፍቶ፣ ከሰሉም አልቆ፣ ሰውዬው ማረሻውን ትቶ ባዶ እጁን ሄዷል። ዱላ ጠብቄ ነበር። አባቴ ግን አልመታኝም። «ያቀዘቀዝኸው ብረቱን አይደለም፤ የዚያን ሰው ሰኔ ነው» አለኝ። ዝናቡ ወርዶ መሬቱ ሲለሰልስ የዚያ ሰው በሬዎች ሁለት ቀን ሳያርሱ ቆሙ። ይህን ከሰማሁ ስድሳ ዓመት አልፎኛል፤ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

የልጅ ልጄ መልስ አልሰጠችኝም። ተነሥታ ጫማዋን አሰረች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ከወናፉና ከጀልባው የተማርሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ፣ መገኘት ከጉልበት ይቀድማል። በዓለም የታወቀው የኮሌጅ የጀልባ ውድድር በእንግሊዝ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ነው፤ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1829 ነው። ዛሬ በለንደን በቴምዝ ወንዝ ላይ 6.8 ኪሎ ሜትር ይቀዝፋሉ፤ ጊዜው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ለዚያ ጥቂት ደቂቃ ግን ተማሪዎቹ ከመስከረም ጀምሮ እስከ ጸደይ በብርድና በጨለማ ይለማመዳሉ። በኦሊምፒክ ርቀቱ 2,000 ሜትር ነው፤ ስምንት ሰው የሚቀዝፈው ጀልባ በስድስት ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። ሕዝብ የሚያጨበጭበው ለስድስቱ ደቂቃ ነው። ጀልባውን ያፈጠኑት ግን ማንም ያላያቸው የጥር ጧቶች ናቸው። የእናንተም ዲግሪ፣ የእናንተም ትዳር፣ የእናንተም ስም የሚሠራው እንዲሁ ነው። የምረቃው ቀን አንድ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ቁጥር የሌለው ጧት አለ።

ሁለተኛ፣ ጉልበታችሁን ከሌላው ምት ጋር አስማሙ። በጀልባ ላይ ብቻውን የሚፈጥን ሰው ከሰነፍ ይብሳል። ሌሎቹ መቅዘፊያቸውን ሳያወጡ እሱ ካወጣ ጀልባው ይዘነበላል፤ መቅዘፊያው በውሃ ከተያዘም እጀታው ተመልሶ ደረቱን ይመታዋል። ወናፍም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱን እጅ አንድ ላይ ከተጫንኸው ነፋሱ ይቋረጣል። በደንቢያ ወንፈል የሚባለውን ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ዛሬ ለአንዱ ታጭዳለህ፣ ነገ እሱ ለአንተ ያጭዳል። በአጨዳው መስመር ላይ ብቻውን ቀድሞ የሚሮጥ ጎበዝ አይመሰገንም ነበር፤ መስመሩ ይፈርሳልና። ሩጫ የአንድ ሰው ነው የምትሉኝም አትርሱ፦ በ2022 በሙኒክ በአውሮፓ ሻምፒዮና ማሩ ተፈሪ በማራቶን ብር፣ ጋሻው አየለ ነሐስ ሲያገኙ፣ እስራኤል የቡድኑን ወርቅ የወሰደችው የሦስት ሯጮች ሰዓት ተደምሮ ነው። ሦስተኛው ሯጭ ሜዳሊያ ከሚሰጥባቸው ቦታዎች ውጭ ሆኖ ቢገባም ደቂቃው ተቆጥራለች። ማንም በማያያችሁ ሰዓት የምትደክሙት ድካም ለወርቁ ይቆጠራል።

ሦስተኛ፣ ሳትመረጡ ስትቀሩ አትጥፉ። አሠልጣኝ አንዱን ከጀልባ አውርዶ ሌላውን የሚያስቀምጥበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን የሚከተለውን ታሪክ አስታውሱ። ከነታንያ በስተደቡብ በ1957 የተመሠረተው የዊንጌት የስፖርት ተቋም አለ። ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው መኮንን ከኦርድ ዊንጌት ነው። እኛ ከኢትዮጵያ የመጣን ይህን ስም ቀድመን እናውቀዋለን፤ በአዲስ አበባም ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት አለ። በ1941 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በጎጃም አድርገው ወደ ዙፋናቸው ሲመለሱ አብሯቸው የዘመተውን ትንሽ ጦር የመራው እሱ ነበር፤ ጦሩንም የጌዴዎን ኃይል ብሎ ጠራው። የጌዴዎንን ታሪክ በመጽሐፈ መሳፍንት ታውቁታላችሁ። ከ32,000 ሰው 300 ብቻ ቀሩ፤ ሌላው ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ሰው ይህን ሲተርክ እዚህ ላይ ያቆማል። ነገር ግን ጠላት በሸሸ ጊዜ ከንፍታሌም፣ ከአሴርና ከምናሴ ሰዎች እንደገና ተጠርተው አሳድደዋል። ድሉን የፈጸሙት 300ዎቹ ብቻቸውን አይደሉም። ዛሬ ያልተመረጠ ሰው ነገ ሲጠራ በቦታው መገኘት አለበት። ወደ ቤቱ ገብቶ በሩን የዘጋ ግን ጥሪውን አይሰማም።

አራተኛ፣ ሰውነታችሁም ሆነ ዕድላችሁ ቢሰበር ሌላ መቀመጫ ፈልጉ። የዚህች አገር ልጅ ሞራን ሳሙኤል በብሔራዊ ቡድን ቅርጫት ኳስ ትጫወት ነበር። በ2006 ደም ወደ አከርካሪዋ መድረስ አቃተውና እግሮቿ ሳይንቀሳቀሱ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ቀዘፋ ጀመረች። በለንደን 2012 ፓራሊምፒክ አምስተኛ ወጣች። በሪዮ 2016 ነሐስ፣ በቶኪዮ ብር፣ በፓሪስ 2024 ወርቅ አገኘች። ከአምስተኛነት እስከ ወርቅ አሥራ ሁለት ዓመት ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ስንት ጧት እንዳለ አስቡት። በለንደን አምስተኛ ስትወጣ መቅዘፊያዋን ሰቅላ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሟን አልጠራላችሁም ነበር።

አምስተኛ፣ ባሕሩን አትፍሩት፤ የእናንተም ነው። በነታንያ የእኛ ሰው ብዙ ነው፣ ባሕሩም ከደጃችን ነው። ሆኖም ከልጆቻችን መካከል የሚሮጥና ኳስ የሚጫወት እንጂ ጀልባ የያዘ ብዙ አላይም። እኛ ወላጆች ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እያልን አስፈራርተናችሁ ይሆናል። የፍርሃታችንንም ምክንያት ልንገራችሁ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከወገኖቻችን አንዳንዶቹ ከሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ በሌሊት በጎማ ጀልባ ተጭነው ወደ መርከብ ተወስደዋል። በሕይወታቸው ባሕር አይተው የማያውቁ እናቶች ሕፃን ታቅፈው በጨለማ ማዕበል ላይ ተቀመጡ። እነዚያ እናቶች ከጀልባው ሳይወርዱ ስለቆዩ እናንተ ዛሬ በዚህ ዳርቻ ቆማችኋል። ደግሞ ለእናንተ የሚስማማ ውድድር መጥቷል። በባሕር ዳርቻ ቀዘፋ ውድድር ሯጩ በአሸዋው ላይ ሮጦ ጀልባው ላይ ይዘላል፣ 250 ሜትር በተንሳፋፊ ምልክቶች መካከል ቀዝፎ ይዞርና ተመልሶ እንደገና በአሸዋው ሮጦ ይጨርሳል። በ2028 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ውስጥ ገብቷል። ሩጫ የለመደ እግር ያለው፣ አሸዋና ባሕር በደጁ ያለ ልጅ ይህን እያየ ለምን ዳር ይቆማል? ዋና ተማሩ፣ መንሳፈፊያ ልብስ ልበሱ፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ግቡ። ከዚያ በኋላ ባሕሩ ማስፈራቱ ይቀራል፤ ማስተማር ይጀምራል።

በጸደይ የልጅ ልጄ ውድድር ደረሰ። ዳር ቆሜ አየሁ። ከስድስት ጀልባ አራተኛ ወጡ። ጀልባው ከውሃው ሲወጣ እንደ ቃሬዛው ጊዜ አራቱም ትከሻቸውን ሰጡት፤ በጥር ቀርታ የነበረችው ልጅም ከእነሱ አንዷ ናት። ይቅርታ ጠይቃ ተመልሳ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቀረችም። እኔን ከሁሉ ይበልጥ ደስ ያሰኘኝ ይህ ነው፤ የቀረ ሰው መመለስ ይችላልና። አባቴም በማግስቱ ወናፉን መልሶ ሰጥቶኝ ነበር።

ልጆቼ፣ ከእናንተ መካከል የቀረበት ቦታ ያለው ካለ ዛሬውኑ ይደውል፣ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ይመለስ። ነገ ጧት የሚጠብቀው ሰው ያለውም ሰዓቱን አሁን ይሙላ። ዝናብ ቢሆንም ተነሡ። ጫማችሁን እሰሩ። ብረቱ እሳት ውስጥ ነው፤ ወናፉም በእጃችሁ ነው።