ስለ ድመት ምንኵስናና ስለ እባብ ጾም

«ድመት መንኵሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚለውን ተረት በአገራችን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የማያውቀው የለም። ተረቱ የሚነገረው ስለ ሰው ነው፤ ድመቲቱ ሰም ናት፥ ወርቁ ግን ቆብ ደፍቶ የቀድሞ ግብሩን ያልተወ ሰው ነው። ነገር ግን ወርቁን ለማግኘት ስንቸኵል ሰሙን ሳንመረምረው እናልፋለን። ድመት በእውነት ዓመሏን አትረሳምን? ያላትን አስትቶ የሌላትን ማስለመዱስ ለሰው ተገቢ ነውን? ዛሬ በየአገሩ ድመቱን ያለ ሥጋ የሚያሳድግ፥ እባብንም በመስተዋት ሣጥን አኑሮ በእጁ የሚመግብ ሰው በርክቷልና ጥያቄው የተረት ብቻ አይደለም።

በአውሮፓ በመካከለኛው ዘመን በላቲን የተጻፈ፥ የሰሎሞንና የማርቆልፍ ክርክር የሚባል መጽሐፍ አለ። በዚያ መጽሐፍ ንጉሡ በማታ ሲቀመጥ መብራት ይዛ የምታበራለት ድመት እንደ ነበረችው ይተረካል። ማርቆልፍ የተባለው ብልኅ ባላገር ባሕርይ ከልማድ እንዲበልጥ ሊያስረዳ ሦስት አይጦች ደብቆ ገባ። አንዱን ቢለቀው ድመቲቱ ጓጓች፥ ነገር ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ሁለተኛውንም ታገሠች። ሦስተኛው በፊቷ ባለፈ ጊዜ ግን መብራቱን ጥላ አይጡን ያዘች። ይህ ትረካ ከእኛ ተረት ጋር አንድ ነገር ይናገራል። ሁለት ሕዝብ ሳይመካከር አንድ ፍርድ መፍረዱ የፍርዱን እውነት ያጸናል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል።

ፍርዱ ግን ሙሉ አይደለም። በ1930 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው) ኩኦ የሚባል ቻይናዊ ሊቅ የድመት ግልገሎችን በሦስት ወገን ለይቶ ያሳደገበትን ምርመራ አሳተመ። አይጥ ሲገደል እያዩ ካደጉት 21 ግልገሎች 18ቱ አይጥ ገዳዮች ሆኑ። ብቻቸውን ካደጉት 20 መካከል የገደሉት 9 ናቸው። ከአይጥ ጋር በአንድ ማደሪያ አብረው ካደጉት 18 ግልገሎች ግን የገደሉት 3 ብቻ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ በባሕርይዋ ነው ስንል የኖርነው የድመት ጠላትነት ብዙው ክፍል ከታናሽነቷ በዐይኗ ያየችው ትምህርት ነው። የማርቆልፍ አይጦች ከዚያች ድመት ጋር ከአንድ ሣጥን አድገው ቢሆን ኖሮ ንጉሡ በብርሃን እንደ ተቀመጠ ባመሸ ነበር።

በዚሁ ምርመራ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ከግልገሎቹ አንዳንዶቹ ሥጋ ሳይቀምሱ ያደጉ ነበሩ። ሥጋ አለመቅመሳቸው የገደሉትን በመብላታቸው ላይ ለውጥ አሳየ፤ ከመግደል ግን አላገዳቸውም። ድመቱን የዋህ አደርጋታለሁ ብሎ ሥጋ የሚከለክል ሰው ይህን ልብ ይበል፤ የሚያገኘው የዋህ ድመት ሳይሆን ገድላ የማትበላ ድመት ሊሆን ይችላል።

ምግብንም ቢሆን ማስለመድ ይቻላል። በ1978 በካሊፎርኒያ ቪርቪትስካ የምትባል ሊቅ የእናት ድመቶችን አንጎል በኤሌክትሪክ እየነካች ሙዝ እንዲበሉ አስለመደቻቸው፤ ግልገሎቻቸውም እናታቸውን አይተው ሙዝ በሉ። ድመት ግን ጣፋጭ የሚባለውን ጣዕም መለየት የማትችል እንስሳ እንደ ሆነች በ2005 ታውቋል፤ ጣዕሙን የሚቀበለው የምላስ ክፍል በተፈጥሮዋ ጐድሏልና። ስለዚህ ግልገሉ ሙዙን የበላው እናቱ ስለ በላች እንጂ ስለ ጣፈጠው አይደለም። ደግሞ ቶርንዳይክ የሚባል አሜሪካዊ በ1898 እንደ ጻፈው፥ ድመቶችን በሣጥን ዘግቶ ገላቸውን በላሱ ጊዜ ይከፍትላቸው ነበር። መውጫው መላስ መሆኑን ተማሩ፤ ሲሰነብቱ ግን መላሱ እያነሰ ሄዶ ለምልክት ያህል ብቻ ሆነ። (ስግደቱን ወገቡን ነቅነቅ አድርጎ የሚጨርስ ሰው ይህን ሲያነብ ብቻውን እንዳልሆነ ይወቅ።)

ይህ ሁሉ ልማድ ከምናስበው በላይ ኀይለኛ መሆኑን ያስረዳል። ነገር ግን ልማድ ደርሶ የሚቆምበት ወሰን አለ፤ ወሰኑም በምላስ ሳይሆን በደምና በሥጋ ውስጥ ነው። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር በሥጋና በዓሣ ይገኛል፤ በእህልና በአትክልት ግን የለም ለማለት ያህል ነው። ድመት ይህን ንጥረ ነገር በሰውነቷ ውስጥ የሚበቃትን ያህል መሥራት አትችልም። ያጣች እንደ ሆነ ብርሃን የሚቀበለው የዐይኗ ክፍል እየጠፋ እንደሚሄድ በ1975፥ ልቧም እየሰፋ እንደሚደክም በ1987 ተመርምሮ ተገለጠ። በሽታው ቀስ ብሎ የሚመጣ ስለ ሆነ ጌታዋ አያየውም። ሽሮ ትበላለች፥ ትጠግባለች፥ ታንኰራፋለች፤ ውስጧ ግን ይጐዳል።

በጾም ወራት በብዙ ቤት የሚሆነውን ሁላችን እናውቃለን። ሥጋና ወተት ከቤት ሲርቅ ለድመቲቱም እንጀራ በሽሮ ይጣልላታል፤ «የእኛ ድመት እንኳ ትጾማለች» እያሉ የሚደሰቱም አሉ። ጾም ግን የፈቃድ ሥራ ነው። ማግኘት የሚቻለውን፥ መብላትም የሚወዱትን አውቆ መተው ነው። ግዕዛን የሌላት ፍጥረት አትጾምም፤ ትራባለች እንጂ። ርሃቧም ለጌታዋ ጽድቅ ሆኖ አይቈጠርለትም፤ ምናልባት በተቃራኒው ይጠየቅበት እንደ ሆነ እንጂ። የገጠሪቱ ድመት ማንንም ሳታስፈቅድ በጐተራ ሥር ጾሟን ስለምትፈታ ነገሩ ብዙ አያሳስብም። በከተማ በር ተዘግቶባት የምትኖረው ግን ጐተራ የላትም፥ አይጥም የላትም፤ ከጌታዋ እጅ በቀር የምትጠብቀው የለም። ለእርስዋ በሁዳዴም ቢሆን ጥቂት ሥጋ ለብቻው ማኖር የጾምን ሕግ ማፍረስ አይደለም። ዛሬ በፋብሪካ የተሠራ ታውሪን በድመት ምግብ ይጨመራልና ያለ ሥጋ አኖራታለሁ የሚል ሰው በዚያ ሊያመካኝ ይችላል፤ እርሱም ቢሆን በሐኪም ምክርና በልክ ካልሆነ በቀር በሌላ ነፍስ ላይ ራሱን መፈተኑ ነው።

ወደ እባብ እንመለስ። በጥንት ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተተረጐመው ፊሳልጎስ፥ እባብ ሲያረጅ ዐይኑ እንደሚፈዝ፥ ያን ጊዜም አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ጾሞ በጠባብ ስንጥቅ ውስጥ እያለፈ አሮጌ ቆዳውን እንደሚያወልቅ ይተርካል። ይህን አፈ ታሪክ ነው ብለው የሚንቁ እባብ አሳዳጊዎችን ይጠይቁ። እባብ ቆዳውን ሊለውጥ ሲል በእውነት ዐይኑ እንደ ደመና ይሸፈናል፤ በዚያም ወራት ብዙ ጊዜ ምግብ እምቢ ይላል፤ በኋላም ገላውን በሸካራ ነገር እያሻሸ ይገፍፈዋል። እርጅናውና የቀኑ ቍጥር ብቻ የምስጢር ነገር ነው፤ ወጣቱ እባብ እንዲያውም ከሽማግሌው ይልቅ ደጋግሞ ይለውጣል።

የእባብ ወገን ሁሉ ሥጋ በል ነው፤ ከእንቍላል በቀር የማይበላ ቢኖርም ሣር የሚበላ የለም። ስለዚህ የእባብ አሳዳጊ የሚያስለምደው ሥጋ መተውን ሳይሆን አቀባበሉን ነው። በሰሜን አሜሪካ አፍንጫው ወደ ላይ የተቀለበሰ፥ ጕርጥ የሚወድ ትንሽ እባብ አለ። ጕርጥ ያጣ አሳዳጊ የሞተ አይጥ በጕርጥ ገላ አሽቶ ይሰጠዋል፤ ሽታውን በየጊዜው እያሳነሰ ወደ አይጥ ብቻ ያመጣዋል። በበረዶ የቈየ አይጥ አሙቆ በመቈንጠጫ ማቅረብም እንዲሁ ነው። ይህን ልማድ አልነቅፈውም፤ ሕያው አይጥ በጠባብ ሣጥን ከእባብ ጋር ቢዘጋ አይጡ በፍርሃት ይሠቃያል፥ እባቡንም ነክሶ ያቈስላልና። ለሁለቱም የሚራራ ልማድ ነው። ሣጥኑ በተከፈተ ቍጥር ምግብ እንዳይጠብቅ በዘንግ ቀስ ብሎ ነክቶ ማስታወቅም እጅን ከመነከስ ያድናል። ይህን ለምዶ ጸጥ ያለውን እባብ «ወደደኝ» የሚለው ሰው ግን ራሱን ያታልላል፤ እባቡ የተማረው ምግብ የሚመጣበትንና የማይመጣበትን ሰዓት ነው።

ከምዕራብ አፍሪካ የሚመጣ፥ ሲፈራ እንደ ኳስ የሚጠቀለል ዘንዶ አለ፤ በብዙ ሺህ እየተጫነ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ቤቶች ይገባል። ይህ ዘንዶ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ወራት ሙሉ ሳይበላ ሊቈይ ይችላል። ጌታው ይጨነቃል፤ አንዳንዱም አፉን ፈልቅቆ በግድ ያጐርሰዋል። አስቀድሞ ድመቲቱን በግድ ያስጾመ ሰው፥ አሁን ደግሞ ጿሚውን በግድ ያስፈታል። በሁለቱም ስፍራ በደሉ አንድ ነው፤ እንስሳው የሚለካው በገዛ ባሕርዩ ሳይሆን በጌታው ልብ ነው። የገዛ ምግባራችንን በእንስሳ ገላ ላይ ተሥሎ ለማየት ስንመኝ፥ ያ እንስሳ ዱርም ጐተራም የቀረበት፥ በእጃችን ብቻ የሚኖር መሆኑን እንዘነጋለን።

ልማድ የሚያስለምድ ሰው ዕዳውን በጊዜም ጭምር ይቍጠረው። በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኝ የአራዊት ማሳያ ስፍራ፥ አንድ ሰው በ1961 ከቤቱ አምጥቶ የሰጣት የዚህ ወገን ዘንዶ ነበረች። በ2020 ከ62 ዓመት ያላነሰ ዕድሜ እያላት፥ ከ15 ዓመት የበለጠ ዘመን ከወንድ ሳትገናኝ 7 እንቍላል ጣለች። በመካከሉ ባለፉት ስድሳ ያህል ዓመታት አይጥ የሚያቀርቡላት እጆች ስንት ጊዜ ተለዋወጡ።