በሽተኛን ሐኪም ቤት ማድረስ ምጽዋት ነው ወይስ ዕዳ?

የታመመ ሰው ሁለት ረዳት ያስፈልገዋል፤ አንዱ የሚያክመው፥ ሁለተኛውም ወደሚያክመው ሰው የሚያደርሰው ነው። ስለ ሐኪሙ ብዙ ይነገራል፤ ስለሚያደርሰው ግን የምናስበው ችግሩ ከገዛ ቤታችን ሲገባ ብቻ ነው።

የገጠሩ ሕዝብ ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ ደንግጎታል። መኪና በማይደርስበት አገር በሽተኛ የሚወሰደው በቃሬዛ ነው። አራት ሰዎች ይሸከሙታል፤ እነርሱ ሲደክሙ ሌሎች ይተካሉ፤ የቀሩት ተረኞችም ከኋላ ይከተላሉ። ተሸክሞ የሄደውን «እንዴት ያለ ቸር ነው» ብሎ የሚያመሰግነው የለም፤ የቀረው ግን ይወቀሳል። ነገ የእርሱ ሚስት በምጥ ተይዛ በዚያው ቃሬዛ ላይ ትተኛ ይሆናልና።

ወደ ከተማ ስንገባ ቃሬዛው ቀረ፤ ከእርሱም ጋራ ተረኝነቱ ቀረ። እርግጥ አምቡላንስ አለ፤ ነገር ግን አምቡላንስ ለድንገተኛ አደጋ እንጂ ለቀጠሮ አይጠራም። ኩላሊቱ ሥራውን ያቆመ ሰው ደሙን በመሣሪያ ለማሳጠብ ብዙውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን ይመላለሳል፤ በየጊዜውም ለ4 ሰዓት ያህል ከመሣሪያው ጋራ ታስሮ ይቆያል። ሲወጣ ጉልበቱ ዝሎ ነው። ይህ ሰው በታክሲ ሰልፍ ይጋፋ ዘንድ ይቻለዋልን?

«ባለመኪና ጎረቤቱን ለምን አይጠይቅም?» ይባል ይሆናል። ይጠይቃል። ጎረቤቱም አንድ ጊዜ፥ ሁለት ጊዜ በደስታ ያደርሰዋል። በሦስተኛው ግን ጎረቤቱ ሳይሰለች በሽተኛው ራሱ ያፍራል። ይሉኝታ ይይዘውና «ዛሬስ ደኅና ነኝ» ብሎ ከቀጠሮው ይቀራል። ስንቱ ሰው መድኃኒት ሳይታጣ፥ ለመለመን አፍሮ ይጎዳል!

እንግዲህ ቸርነት በየቀኑ የሚለመን ከሆነ ሸክሙን የሚሸከመው በሽተኛው ነው። በተራና በደንብ የታሰረ ቸርነት ግን ከልመና ያድነዋል። ይህንንም ከዕድር እናውቀዋለን። ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ወንበር ያቀርባል፤ ሐዘንተኛው ማንንም አይለምንም፥ ድርሻው ነውና። ለቀብር የምንሰለፍ ሰዎች ሊድን ለሚችለው ስለ ምን እንቀራለን? በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤድስ በበረታ ጊዜ አንዳንድ የአዲስ አበባ ዕድሮች ሥራቸውን አስፍተው ሕመምተኞችን መርዳት ይዘው ነበር። ስለዚህ ነገሩ ያልተሞከረ አይደለም።

ቤንዚን ውድ ነው፤ ጊዜም የለም የሚል አለ። እውነት ነው። ነገር ግን በሳምንት 3 ቀን ማለት በወር 13 ቀን ያህል ነው፤ 13 ባለመኪናዎች ቢገኙ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው በወር 1 ቀን ነው። መኪና የሌለውም ለቤንዚን ያዋጣል፤ ወይም ማልዶ ሄዶ ካርድ ያወጣል፥ ወረፋ ይይዛል።

«በደንብ የተደረገ ደግነት ደግነት አይባልም» የሚል ቢኖር፥ ቃሬዛ ተሸካሚውን ይመልከት። ተረኛ ስለ ሆነ ትከሻው አልቀለለለትም፤ በሽተኛውም ስላልለመነ ክብሩ አልጎደለበትም። ለተረኛው ግን አንድ ነገር ይጠበቅበታል፤ በመንገድ ላይ ስለ ሕመሙ አይመርምር፥ ሲመለስም ለሌላ አያውራ። በሽተኛው በተሳፈረበት መኪና አንገቱን ቀና አድርጎ ሊቀመጥ ይገባዋል።