የዘበኛው ሻይ

አራት ከተማ ውስጥ ቅርንጫፍ ያለው ሆቴል ነበር እንበል፤ አንዱ ቅርንጫፍ ለቡ መብራት ኃይል። ለጠዋቱ የድሬዳዋ ባቡር የሚነሳ ሰው፣ የለቡ ጣቢያ ስለሚቀርበው እዚያ ያድራል። ሐዋሳ የሚቀመጡት ባለቤቱ ደንብ አጥባቂ ናቸው። ፎጣው ሐዋሳ እንደታጠፈው ለቡም ይታጠፋል፤ የራስጌው ማብሪያ ማጥፊያ በየቤቱ በስተቀኝ ነው።

ይህን አጥብቀው የሚወዱ አንድ የድሬዳዋ ነጋዴ ነበሩ። አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ (በመብራት ኃይል ስም የሚጠራ ሰፈርም ከዚህ አይድንም)። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ነጋዴው በዳበሳ ጫማቸውንም ሻንጣቸውንም አገኙ። ክፍሉን ባሕር ዳርም አዳማም ያውቁታላ!

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ወረዱ። ቁርስ በደንቡ የሚጀምረው 12፡30 ስለሆነ ወጥ ቤቱ ተቆልፏል። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ይቅርታ ጠየቀች፤ ከዚያ በላይ የምታደርገው አልነበራትም። በር ላይ ቆመው ታክሲ ሲጠብቁ ዘበኛው እጃቸውን ሲያፋትጉ አየ። ከፔርሙሱ ቅርንፉድ የገባበት ሻይ በክዳኑ ቀዳ፣ ከፌስታሉ ዳቦ ቆረሰ።

«ጋሼ፣ በባዶ ሆድ ድሬ አይደረስም። ይቅመሱ።»

ስኳሩ በዝቷል፤ ግን ጠጡት።

ነጋዴው በአስተያየት መስጫው ቅጽ ላይ «ከሁሉም የሌሊቱ ሻይ» ብለው ጻፉ። ባለቤቱ አንብበው ተደሰቱ፤ ለአራቱም ቅርንጫፍ ደብዳቤ በተኑ፦ ለማንኛውም እንግዳ ሌሊት 10 ሰዓት ሻይና ዳቦ ይቅረብ፣ ሻዩም በፔርሙስ ክዳን ይሁን። ወር ሳይሞላ ባሕር ዳር ሙሽሮች ከእንቅልፋቸው ተቀሰቀሱ። አዳማ ላይ የስኳር ሕመምተኛ ጣፋጭ ሻይ ቀረበላቸው። ነጋዴው ለጉዳይ ተመልሰው ለቡ ባደሩበት ሌሊትም በሩ ተንኳኳ።

«ልጄ፣ እኔ ዛሬ ባቡር የለኝም።»

«ደንቡ ነው ጋሼ። መቀበልዎን እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ደንብን የሚያጣጥል ሰው ቁንጫ ባለበት አልጋ አድሮ አያውቅም እላለሁ። አሜሪካዊው ኬሞንስ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1952 ሜምፊስ ላይ የመጀመሪያውን ሆሊዴይ ኢን የከፈተው፣ ቤተሰቡን ይዞ ሲጓዝ ያገኛቸው ማደሪያዎች ወጥነት ማጣታቸውና በልጅ ቁጥር ሒሳብ መጨመራቸው አስመርሮት ነው። በእኛም አገር ከሐዋሳ የተነሳው ኃይሌ ሪዞርት ሌላ ከተማ ሲከፍት፣ እንግዳው ስሙን አይቶ የሚገባው ምን እንደሚጠብቀው ስለሚገምት ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆቴሎችን በኮከብ ሲመድብም ወጥ መለኪያ ይዞ ነበር፤ መለኪያ ባይኖር ሁሉም ራሱን ባለአምስት ባደረገ።

የምሳሌያችን ባለቤት የሳቱት ቅጹን ሲያነቡ ነው። ሻዩን አዩ፤ የእንግዳውን እጅ ያየውን ሰው አላዩም። ፎጣ በትእዛዝ ይታጠፋል። ብርድ የያዘው ማን እንደሆነ ግን ሐዋሳ ተቀምጦ በደብዳቤ አይታወቅም፤ በሩ ላይ የቆመው ነው የሚያውቀው። እሱ ደግሞ በእንግዳ አቀባበል ሥልጠና ላይ ተጠርቶ አያውቅም፤ የተመዘገበው ከጥበቃ ክፍል ነው።

እኔ ብሆን ደብዳቤውን ትቼ የወጥ ቤቱን አንድ ቁልፍ ለዘበኛው እሰጠው ነበር። የሻይ ቅጠሉንና የስኳሩንም ወጪ ሆቴሉ ይችላል፤ እስካሁን ከደመወዙ ነው ያወጣው።